ቤት ይቅደም

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ሜክሲኮ አካባቢ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ይታየኛል። የተቀደደ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ለብቻው እያወራ፣ ከመኪና መኪና ይዞራል። አጠገቤ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ከንፈሯን መጠጠችና «እኔን! ይሄ ሰው ዘመድ የለውም ማለት ነው?» አለችኝ።

ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። መብራቱ አረንጓዴ በራ፣ ሰርቪሱም ተንቀሳቀሰ።

ዘመድ አለው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው።

ይህን በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጅ ሆኜ ጀምሮ «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራው፤ በዚህ ጽሑፍም ስሙን ትቼ ጋሼ እያልኩት እቀጥላለሁ። ከመጻፌ በፊት ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «ስሜን ተዪው እንጂ ሌላውን እንደፈለግሽ ጻፊው፤ መቼም ከተማው ሁሉ አይቶኛል» ብሎኛል።

የምጽፈው ግን የእሱን ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ከእናንተም መካከል በየሰርቪሱ፣ በየቤት መኪናው መስኮት በኩል ዘመዱን አይቶ ስልኩን የሚነካካ እንዳለ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከጎዳና የማንሳት ነገር በዓለም ዙሪያ ብዙ የተሞከረበትና የተጠና ጉዳይ መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ። የተገኘው መልስ ደግሞ እኛ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስናደርግ ከነበረው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

እኔ ያረቀቅኩት ውል

ጋሼ በወጣትነቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። እጁ የተመሰከረለት ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አሮጌ ብስክሌቴን ከደንበኛ መኪና በተረፈ ቀይ ሜታሊክ ቀለም ቀብቶልኝ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቀንቶብኝ ነበር።

27 ዓመቱ ላይ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረ። ከዚያ መጠጡ ተጨመረ። መጠጡ ነው በሽታውን ያመጣው ወይስ በሽታው መጠጡን የሚለው ክርክር በቤታችን ለዓመታት አልተቋጨም። እናቴ ፀበል ይዛው ወጣች፤ ሆስፒታል አስገባችው፤ መድኃኒት ጀመረ፣ አቋረጠ፣ እንደገና ጀመረ። ሻል ባለው ቁጥር ወደ እኛ ግቢ ይመጣና ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ይኖራል። ለጥቂት ሳምንታት ሰላም ይሆናል። ከዚያ አንድ ምሽት ጠጥቶ ይመጣል፣ ወይም መድኃኒቱን ትራሱ ሥር ደብቆ ይገኛል፤ ቤቱ ይታመሳል፤ እሱም ይወጣል።

ሦስተኛው ዙር ላይ እኔ ገባሁበት። በማኔጅመንት ዲግሪ የያዝኩ ሰው ነኝና ችግሩ የግልጽ ደንብ ማጣት መሰለኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አምስት ነጥብ ያለው ውል አረቀቅኩ። መድኃኒት በየቀኑ ይዋጣል። መጠጥ ጭራሽ አይቀመስም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት መግባት ግዴታ ነው። ሰው ይዞ መምጣት ክልክል ነው። ንጽሕና ይጠበቃል። ከአምስቱ አንዱን ከጣሰ ይወጣል። አትሜ አስፈረምኩት። በሩ ላይም በፕላስተር ለጠፍኩለት።

23 ቀን ቆየ።

ያን ጊዜ እኔ ራሴ «ዕድሉን ሰጥተነዋል፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» ብዬ እናቴን አጽናናኋት። ያልገባኝ ነገር ቢኖር የጠየቅነው ነገር ባሕርይ ነው። ገና ያልዳነን ሰው፣ እንደዳነ ሰው ከኖርክ ቤት ይኖርሃል አልነው። ቤቱን የመዳን ሽልማት አደረግነው።

እስቲ ጎዳና ላይ መዳን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት የት ይቀመጣል? ላስቲክ ውስጥ ያስቀመጡት ክኒን በዝናብ ይሟሟል፣ ወይም ከነልብሱ ይሰረቃል። የሕክምና ካርድና የቀጠሮ ወረቀት የሚያኖሩበት ኪስ እንኳ አስተማማኝ አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ ያስይዛል፤ ጎዳና ላይ ግን በደንብ የተኛ ሰው የሚዘረፍ ሰው ነው። ስለዚህ ጋሼ ሌሊት ነቅቶ ቀን ይተኛ ነበር። ብርዱን ደግሞ በአረቄ ያባርራል። ከውጭ የሚያየው ሰው «መድኃኒቱን አልወስድም ብሎ አረቄ ይጠጣል» ይለዋል። ከውስጥ ሲታይ ግን ለዚያች ሌሊት ብቻ የሚሠራ ስሌት ነው።

ደረጃውን የገለበጠው ሐሳብ

ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት በሥራዬ ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድርጅታችን ለእንቁጣጣሽ በጎዳና ላሉ ወገኖች ብርድ ልብስና ምሳ እንዲያድል ታሰበና ዕቅዱን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ሌላ ቦታ ምን እንደሚደረግ ለማየት ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ሌሊት አነበብኩ። በሦስተኛው ሌሊት ያነበብኩት ስለ ድርጅቱ ዕቅድ ሳይሆን ስለ ጋሼ ነበር።

በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መንገድ የደረጃ መንገድ ይባላል። መጀመሪያ የጋራ መጠለያ፣ ከዚያ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ማቆም፣ ከዚያ ሕክምናን በሥርዓት መከታተል፣ ከዚያ የሽግግር ቤት፣ በመጨረሻ የራስ ቤት። ሰውየው አንድ ደረጃ ላይ ከተንሸራተተ ወደ ታች ይመለሳል። የሚያሳዝነው፣ ከደረጃው የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በጣም የታመሙት ናቸው። የአእምሮ ሕመም፣ ሱስ፣ የቆየ የአካል በሽታና የተቆረጠ የቤተሰብ ግንኙነት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አንዱን ችግር ነጥሎ «ይህን ፍታና ተመለስ» ማለት አይቻልም። አንዱ ሌላውን ይዞታል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ሴምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ዮርክ ከተማ «ፓዝዌይስ ቱ ሃውሲንግ» የተባለ ድርጅት መሠረተና ደረጃውን ገለበጠው። ሐሳቡ በአጭሩ «ቤት ይቅደም» የሚል ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትንና ጎዳና ላይ የሚኖረውን ሰው «መጠጥ አቁመሃል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የት ሰፈር መኖር ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ። ከተራ አከራዮች ተራ አፓርታማ ተከራይቶ ቁልፉን መስጠት። ሐኪም፣ ነርስ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያና ራሱ በዚያ ሕይወት ያለፈ ሰው ያሉበት ቡድን ደግሞ እቤቱ ድረስ እየሄደ ይደግፈዋል። ተከራዩ ካለችው ገቢ 30 በመቶውን ለኪራይ ያዋጣል፣ የቡድኑንም ጉብኝት ይቀበላል። መድኃኒት መውሰድና መጠጥ ማቆም ቤቱን ለማግኘትም ሆነ ላለማጣት ቅድመ ሁኔታ አይደሉም።

ብዙ ሰው «እነዚህ ሰዎች ቤት ሊይዙ አይችሉም» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ግን በፕሮግራሙ ከታቀፉት ውስጥ 88 በመቶ የሚሆኑት በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ ቤታቸውን ይዘው መቆየታቸውን አሳየ። በተለመደው የደረጃ መንገድ የሄዱት 47 በመቶ ነበሩ።

የፊንላንዶች «ስም በበሩ ላይ»

ሐሳቡን አንድ ድርጅት ከሚሠራው ሥራ አንሥታ የአገር ፖሊሲ ያደረገችው ፊንላንድ ናት። ክረምቷ ሰው የሚገድል ብርድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ 18,000 ገደማ ቤት አልባ ሰዎች ነበሯት። በዓመታት ጥረት ቁጥሩ ቢቀንስም አንድ ክፍል ግን አልነቃነቅ አለ፤ ለዓመታት ጎዳናና መጠለያ ውስጥ የሚመላለሱ፣ ሱስና ሕመም የተደራረበባቸው ሰዎች።

እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን አቋቁሞ መፍትሔ እንዲያመጡ ጠየቀ። ከአራቱ አንዱ ጳጳስ፣ አንዱ ሐኪም ነበሩ። ሌሎቹ የሄልሲንኪ ከተማ የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊና ቤት ለሌላቸው ሰዎች ቤት የሚያከራየው የዋይ ፋውንዴሽን መሪ ናቸው። ያቀረቡት ሪፖርት ርዕስ «ስም በበሩ ላይ» የሚል ነበር። በፊንላንድ የአፓርታማ በር ላይ የነዋሪው ስም ይለጠፋል። ቤት ያለው ሰው ማለት ስሙ በር ላይ ያለ ሰው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ እኔ በጋሼ በር ላይ የለጠፍኩት ምን እንደነበር ትዝ አለኝ።

ከ2008 ጀምሮ የሆነው እንግዲህ ይህ ነው። የጋራ መጠለያዎች አንድ በአንድ ተዘግተው ወደ መኖሪያ ቤት ተቀየሩ። በሄልሲንኪ አልፒካቱ ጎዳና ላይ የሚገኘው የሳልቬሽን አርሚ መጠለያ 250 አልጋ ነበረው፤ ተፈትቶ 81 የግል አፓርታማ ሆነ። በከተማዋ በ1985 ከ2,000 በላይ የነበረው የመጠለያ አልጋ በ2016 ወደ 52 ወረደ። ነዋሪው የኪራይ ውል በስሙ ይፈርማል፤ ኪራይ ይከፍላል፤ ገቢው ካልበቃው የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ያገኛል። ድጋፍ ሰጪ ባለሙያዎች እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወይም በቅርብ ይገኛሉ። መጠጥ ያላቆመ ሰው በገዛ ክፍሉ ስለጠጣ ከቤቱ አይባረርም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም በ2011 የረጅም ጊዜ ቤት አልባነትን በግማሽ ለመቀነስ ነበር ያቀደው። ግቡ ላይ ባይደርስም ከሩብ በላይ ቀነሰ፤ ሥራውም ቀጠለ። በ2023 መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ቤት አልባ ሰው 3,429 ነበር።

የወጪውን ነገር ሙያዬ ነውና ሳላይ አላልፍም። በታምፔሬ ከተማ በአንድ የድጋፍ መኖሪያ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሰው ቤት ሲገባ ከድንገተኛ ሕክምና፣ ከፖሊስና ከመሳሰሉት አገልግሎቶች በአንድ ሰው በዓመት 14,000 ዩሮ ገደማ እንደሚተርፍ አሳይቷል። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ወጪ የማያስወጣ ይመስለናል እንጂ ወጪው በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ ስለሚከፈል ነው የማናየው።

ቤት ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ በግልጽ ያሳየው ራሱ ትልቁ ጥናት ነው።

ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በቫንኩቨር፣ ዊኒፔግ፣ ቶሮንቶ፣ ሞንትሪያልና ሞንክተን ከ2,000 በላይ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ቤት አልባ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ አጠናች። አንደኛው ወገን ቤትና ድጋፍ ተሰጠው፤ ሌላው በከተማው ያለውን የተለመደ አገልግሎት ቀጠለ። በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ቤት ከተሰጣቸው 62 በመቶው ጊዜውን ሙሉ ቤት ውስጥ ኖሩ፤ ከሌላው ወገን 31 በመቶው ብቻ። የባለብዙ ችግሮቹ፣ ማለትም ብዙ አገልግሎት የሚጠቀሙት 10 በመቶ ሰዎች ውጤት ይበልጥ ያስገርማል። ለእነሱ ከወጣው ከእያንዳንዱ 10 ዶላር ላይ በአማካይ ከ21 ዶላር በላይ ከሌሎች አገልግሎቶች ተርፏል።

ይሁን እንጂ የሕመሙ ምልክትና ሱሱ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ለውጥ ነበር ያሳየው። ቤት በሽታን አያድንም። ቤት የሚሰጠው ለሕክምና የሚሆን መቆሚያ ነው። ጥቂት ሰዎች ደግሞ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ቤት ተሰጥቷቸው አልሰከነላቸውም።

የፊንላንድ ስኬትም ለዘላለም የተጻፈ አይደለም። በ2024 ቁጥሩ ከ2012 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨምሮ 3,806 ደርሷል። የኪራይ ድጎማ መቀነሱ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይነሳል። ድጋፉ ሲሳሳ ሰውም ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ከሙያዬ የማውቀውን ልጨምር፤ ደንበኛ ማምጣትና ደንበኛ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቁልፍ መስጠት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዓመታት ይፈጃል።

ወደ እኛ ስንመጣ

«ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ብያለሁ። የኪራይ ድጎማ የለንም፤ እቤት ድረስ የሚመጣ የሐኪም ቡድን የለንም፤ ደመወዝተኛው ራሱ የቤት ኪራይ አሳሩን የሚያበላው ከተማ ውስጥ ነን።

ችግሩ ግን የእኛም ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር እንዳጋጠማቸው ያሳያል። 41 በመቶው ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህ ሕክምና ያገኙት በጣም ጥቂት ናቸው። በየመንገዱ «እብድ» እያልን የምናልፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና ያጣ ሕመምተኛ ነው።

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ሸክሙን ተሸክሟል። ሆስፒታል ግን ያክማል እንጂ ሲወጡ የሚገቡበት ቤት አይሰጥም። ይህን ክፍተት በአገራችን ለመሙላት የተነሱት በጎ አድራጊዎች ናቸው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የመቄዶንያ መሪ ቃል እንደ ተረት ተለምዷል። ክቡር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ጥቂት ሰዎችን ይዞ የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያኖራል። ልብ በሉ፤ መቄዶንያም ሰውን ከጎዳና ሲያነሳ «መጀመሪያ ዳን» አይልም። አንስቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ ነው የሚጀምረው።

ማዕከል ለብዙዎች ሕይወት አድን ነው። በተለይ ሰው ለሌለው፣ ራሱን ማንሳት ለማይችል አረጋዊ። ሆኖም ሁሉም ሰው በማዕከል መኖር አይሆንለትም፤ ማዕከሉም ለሁሉም አይበቃም። እንደ ጋሼ ቤተሰብ ላለው፣ ደኅና ቀኖች ላሉት ሰው በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ሃምሳ ሎሚው

አንድ ቅዳሜ የእናቴን ወንድሞችና እህቶች ቡና ጠርቼ የኤክሴል ሠንጠረዥ አሳየኋቸው። ቤተሰቡ ባለፉት ሦስት ዓመታት በጋሼ ምክንያት ያወጣውን ደምሬ ነበር። ለአጭር ጊዜ ማገገሚያ፣ ለአልጋ ቤት፣ ለፀበል ጉዞ፣ ለፍለጋ ታክሲ፣ የሰበረውን ለመክፈል፣ በየጊዜው ለጠፋ ልብስና ጫማ። በአማካይ በወር ከ7,000 ብር በላይ ይመጣል። አጎቶቼ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ዝም አሉ። ማንም ለብቻው ብዙ ያወጣ አልመሰለውም ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ለአራት ተከፈለ። እንደ እቁብ ቀን ተቆርጦለት በየወሩ በአምስተኛው ቀን የሚገባ ሆነ። በከተማው ዳር፣ ታላቅ አጎቴ ከሚኖርበት በእግር አሥር ደቂቃ በሚወስድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል በ5,000 ብር አገኘን።

ከባዱ አከራይ ማሳመን ነበር። ሕመሙን ደብቀን ብንገባ ቀላል ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ችግር ሁሉም ያልቃል። እውነቱን ነገርናቸው። አከራይዋ ወይዘሮ ብዙ አሰቡና «ሌሊት ቢረብሽ እኔ ማንን እጠራለሁ?» አሉ። መልሱ ቁልፉ እዚያ ነበር። የሁለት ሰው ስልክ ሰጠናቸው፤ የታላቅ አጎቴንና የእኔን፣ በማንኛውም ሰዓት የምንነሳ። ኒው ዮርክ ቡድን አሰማርታለች። እኛ ያለን ሁለት ስልክ ነው።

ውሉን በጋሼ ስም አደረግነው። እናቴ ሥራ እንደያዘ ሰው ከረባት ልታስርለት ቃጣት። እሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «የመጠጡ ነገር የታለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። «የመድኃኒቱስ?» «እሱም የለም፤ ይሄ የቤት ኪራይ ነው።» ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፈረመ።

ሁሉም ነገር አማረ ልላችሁ አልችልም። በአራተኛው ወር ከጎዳና የሚያውቃቸውን ሁለት ሰዎች አምጥቶ አሳደረ፤ ቧንቧ ተከፍቶ ግቢው ተጥለቀለቀ፤ አከራይዋ «በቃኝ» አሉ። የድሮው እኔ ብሆን «አየህ፣ አልቻልክም» እለው ነበር። ያነበብኩት ግን አንድ ቤት ቢበላሽ ሰውየው ከፕሮግራሙ አይወጣም፣ ሌላ ቤት ይፈለግለታል ይላል። ይቅርታ ጠይቀን፣ የተበላሸውን ከፍለን፣ ሌላ ክፍል አገኘን። ሰዎቹን ለምን እንዳስገባ ስጠይቀው «ዝናብ ነበራ» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይኸው 19 ወር ሆነው። መድኃኒቱን አሁን በወር አንድ ጊዜ በመርፌ ይወስዳል፤ እንዲህ መሆኑን የመረጠው ራሱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። መጠጡን አላቆመም፤ ቀንሷል። ሁለት ጊዜ ታሞ ተኝቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲወጣ የገባው ወደ ራሱ ክፍል ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ሰፈሩ ካለ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይቀባል። በገንዘብ ብዙ አላተረፍንም፤ ከኪራይ፣ ከምግብና ከሕክምና ጋር ሲደመር ከበፊቱ ጋር ይቀራረባል። ዋናው ልዩነት ሌሊት ነው። እናቴ ዝናብ ሲዘንብ ከእንቅልፏ አትነሳም።

የድርጅታችን የብርድ ልብስ ዕቅድስ? በዚያው ገንዘብ የጥቂት ሰዎችን የዓመት ኪራይ እንሸፍን ብዬ አቅርቤ ነበር። «ቤት ፎቶ አይሆንም» ተባልኩ። ብርድ ልብሱ ታደለ፣ ፎቶውም አምሮ ወጣ። ዕቅዴን ግን አልጣልኩትም፤ ዘንድሮም አቀርበዋለሁ።

እናንተም ቤት ይህ ካለ

ከእኛ ስሕተት የተማርነውን ላካፍላችሁ። ይህ ሐኪም የሚሰጠውን ምክር አይተካም።

ግቢያችሁ ውስጥ ማኖር ግዴታ አይመስላችሁ። ለእኛ የሠራው ቅርብ ግን የተለየ ቤት ነው። እሱ እንግዳ አይሆንም፤ እናንተም ጠባቂ አትሆኑም። በቤቱ ልጆች ካሉና የጠብ ስጋት ካለ ደግሞ ይህ የደኅንነት ጉዳይም ነው።

ሰፈሩን እሱ ይምረጥ፤ ቢያንስ ከሁለት አማራጭ። የመረጠውን ሰው ይንከባከበዋል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለተከራየ ሰው ሁሉ ጥበቃ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተከራይ ግን ሕክምናም ነው።

ኪራዩን አንድ ሰው ብቻ አይሸከመው። የአንዱ ሥራ ሲቆም ሰውየው ጎዳና ይወጣልና።

ሕክምናን አቅርቡ እንጂ በቤቱ አታስይዙ። «ካልታከምክ ትወጣለህ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ ከወጣ ቤቱ እንደገና ሽልማት ሆነ ማለት ነው። ራሱን ወይም ሌላን ሊጎዳ የሚችልበት ሁኔታ ሲታይ ግን አታመንቱ፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱት።

በመጨረሻ፣ ከቤት በኋላ ያለው ጠላት ብቸኝነት ነው። ለዓመታት በሰው መሐል የኖረ ሰው አራት ግድግዳ ያስጨንቀዋል። እሑድ እሑድ አንድ ሰው ይሂድ። ምክር ይዞ ሳይሆን ዳቦ ይዞ።

«ማነው?»

ባለፈው እሑድ ተራው የእኔ ነበር። ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የክፍሉን በር እሱ ራሱ ቀብቶታል፤ ከሥራ በተረፈ ቀይ ቀለም፣ ያለ አንዳች መስመር። አንኳኳሁ።

ከውስጥ «ማነው?» አለ።

ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ። ጎዳና ላይ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ማንም ይቀሰቅሰዋል፣ ማንም በእግሩ ይነካዋል፣ ማንም ያነሳዋል። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቅበት በር አልነበረውም።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩት።

«ቆይ» አለ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።